የፈፋው ዳር ዕጣ

አባቴን ፊት ለፊት «አንቱ» ነበር የምለው። በእኛ አገር ልጅ አባቱን አንተ ካለ ወይ ሰክሯል ወይ አብዷል ይባላል። አሁን ስለ እሱ ስጽፍ ግን አንተ ማለት ያምረኛል። በሕይወት ቢኖር ሰምቶ ይስቅ ነበር እንጂ አይቆጣም። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ድፍረቴን በዚህ እለፉልኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ላሊበላ ከተማ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ስምንተኛ ክፍል እንደደረስኩ እናቴ ሞተች፤ አባቴን ብቻውን ላለመተው ትምህርቴን አቋርጬ ወደ አገሬ ተመለስኩ። አገሬ አስታ በር ትባላለች፤ ከኩልመስክ በእግር ግማሽ ቀን ታስኬዳለች። ጠዋት ጠዋት ውርጭ ገብሱን የሚያነጣበት ብርዳም ደጋ ነው። ቤቶቹ እዚህ አንድ፣ እዚያ ሁለት እየሆኑ በየተረተሩ የተበተኑ ናቸው። ፊደል የቆጠርኩ ሴት በመሆኔ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ አደረጉኝ። አባቴ ካሣዬ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከኋላ ይቀመጥና «ይቺ መምህር ቁጣ አታውቅም፤ እናቷ ብታስተምረን ኖሮ ይኸኔ ሁላችንም ጳጳስ ነበርን» እያለ ክፍሉን በሳቅ ይረብሽብኛል። ቀልደኛ ነበር። ከልቡ ያዘነበትን ነገር እንኳ በቀልድ ጠቅልሎ ነው የሚያወጣው።

ዘመኑ ከትልቁ ድርቅ በኋላ ነው። ሰው ገና ቀና ማለት ሲጀምር መንደር ምሥረታ የሚባል ነገር መጣ። ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ሁሉ ቤቱን እያፈረሰ አንድ ሜዳ ላይ በመስመር ይሰብሰብ፤ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የቧንቧ ውሃ ይከተላል ተባለ። በሌሎች ቀበሌዎች ነገሩ በትእዛዝ እንዳለቀ ሰምተናል። ዛሬ ካድሬ ይመጣል፣ ነገ ጣሪያ ይወርዳል። እኛ ጋ የመጣው ግን ሰለሞን ነበር።

ሰለሞን ከግብርና የተላከ ቀያሽ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በእኛ ብርድ አፍንጫው እንደቀላ የሚውል የደሴ ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ሕዝቡ የተለመደውን ንግግር ጠብቆ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ እሱ የገመድ ጥቅሉን መሬት ላይ አኖረ።

«እኔ የያዝኩት ገመድና ችካል ብቻ ነው» አለ። «ቤቱ በየት በኩል ይቁም፣ መንገዱ በየት ይለፍ፣ እናንተ ንገሩኝ፤ እኔ እቸክላለሁ። የምትኖሩበት እናንተ ናችሁ።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። መንግሥት እህል አምጡ፣ ልጅ አምጡ ብሎ ያውቃል እንጂ ምን ይሻላችኋል ብሎ አያውቅም። በመጨረሻ የደብሩ ቄስ መምሬ ጥበቡ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እንግዲያው የደወሉ ድምፅ የማይደርስበት ቦታ አይሁን» አሉ። «ሌላው ሌላው ይደርሳል።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተናጋሪ ሆነ። በሮቹ ለነፋሱ ጀርባ ይስጡ ተባለ። ሴቶቹ ወደ ምንጩ የሚወስደው መንገድ ወንዶች በሚሰበሰቡበት ፊት ለፊት እንዳያልፍ፣ እንስራ ተሸክመን የሸንጎ ወሬ አንሆንም ብለው አሳቁን። አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ እንዲቀርቡ ተስማማን። ሰለሞን ሁሉንም ይሰማል፤ አልገባው ሲል ደግሞ ይጠይቃል። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አገሬ ስትናገር ሰምቼ አላውቅማ።

ልንበተን ስንል አባቴ ከኋላ እጁን አነሣ።

«ጓድ፣ ሁሉን ጠየቅኸን፤ እግዜር ይስጥህ» አለ። «እሺ፣ ባንሄድስ?»

ሳቁ ቀጥ አለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ዞሮ አፈጠጠበት። ሰለሞን ግን አልተቆጣም። ገመዱን ሲጠቀልል ቆየና ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰ።

«እሱን እኔም አልተጠየቅሁም፣ አባት።»

በማግስቱ ልኬቱ ተጀመረ። ሜዳው ሰፊ ይመስል ነበር፤ ገመድ ሲወጠርበት ግን አነሰ። የመጨረሻው መስመር የመጨረሻዋ ችካል ስትመታ ያረፈችው ከፈፋው አፋፍ ነው። ፈፋው ክረምት በመጣ ቁጥር አፈር እየናደ የሚሰፋ ጥልቅ ሸለቆ ነው፤ እረኛ እንኳ ከብቱን አያስጠጋበትም። ሰለሞን ችካሏን አየ፣ ፈፋውን አየ፣ ራሱን አከከ።

«ይቺን ቤት ወደ ኋላ ሳባት» አሉት ሁሉም።

«ከመስመር ከወጣች ገምጋሚዎቹ መጥተው ሁሉንም ያስፈርሱታል። በሌላ ቦታ አድርገውታል» አለ። «ግን አውራጃ ሄጄ አስፈቅዳለሁ። ክረምት ሳይገባ እመለሳለሁ። እስከዚያ አንድ ሰው ይቀበላት።»

የሚቀበል ጠፋ። ሊቀመንበሩ ዐይኑን በሰዉ ላይ ሲያንከራትት ቆየና ታንጉት ላይ አሳረፈው። ታንጉት ከየጁ በኩል ተድራ የመጣች ሴት ናት። ባሏ ለውትድርና ተወስዶ ወሬው ጠፋ። ሕፃን አዝላለች፤ ሌሎች ሁለት ልጆች ደግሞ ቀሚሷን ይዘው ይከተሏታል። በአስታ በር አንድ ዘመድ የላትም፤ ቢበድሏት የሚጮኽላት የለም። ሊቀመንበሩ አፉን ከመክፈቱ በፊት መምሬ ጥበቡ ቀደሙት።

«ሰው አይመርጥም» አሉ። «በዕጣ ይሁን። የሁሉም ቦታ በዕጣ ይሁን።»

በእኛ አገር ዕጣ እንዲህ ነው የሚወጣው። እያንዳንዱ አባወራ ለራሱ የሚያውቃት ትንሽ ነገር ያዘጋጃል፤ ጠጠር ይሁን፣ የበግ ጠጉር ይሁን፣ የቀንድ ስባሪ ይሁን። ሰው ሳያይበት ከካህኑ እጅ ያኖራታል፤ ካህኑ ጋቢያቸው ውስጥ ይቀላቅሉታል። ከዚያ የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ እንግዳ ሰው እያወጣ በየቦታው ያስቀምጣል። በመጨረሻ ሁሉም ሄዶ የራሱን ይፈልግና ይቆምበታል። አያቶቻችን መሬት የተከፋፈሉት እንዲህ ነው። ዕጣ የእግዜር ዳኝነት ስለሆነ ክርክር የለውም።

በዕጣው ቀን ጠዋት አባቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ አንዲት የወይራ ቁራጭ በካራ ይጠርብ ነበር። የጣት ያህል አድርጎ ጫፏን አሾላት። «ይቺ ዕጣዬ ናት። ዕጣው ባይሰምር እንኳ መስቀያ ትሆናለች» አለኝና በኪሱ ከተታት።

ሜዳው ላይ ስንሰበሰብ መምሬ ጥበቡ መስቀላቸውን አወጡ። «ዕጣውን የለወጠ፣ የራሱን ትቶ የሌላውን የወሰደ ውግዝ ይሁን። ሲሞት ፍትሐት አይድረሰው» ብለው ገዘቱ። ሕዝቡ አሜን አለ። አባቴም ከጎኔ ቆሞ አሜን ሲል ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ሰው ሁሉ በተራ በተራ እየሄደ ጭብጡን ከመምሬ እጅ አራገፈ።

እንግዳው ሰለሞን ነበርና የማስቀመጡ ሥራ ለእሱ ተሰጠ። ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ከጋቢው እየዘገነ በየችካሉ ሥር አንድ አንድ ነገር እያኖረ አለፈ። ሲጨርስ ሰዉ ተበተነ። ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ የሚሮጥ፣ «አገኘሁት» የሚል፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ አይቶ የሚስቅና የሚያኮርፍ ነበር። አባቴ ጉልበቱን ስለሚያመው ቀድሜው ሄድኩ።

ወይራችንን መሀል መስመር ላይ አገኘኋት። ከነፋስ የተከለለች፣ ከቤተ ክርስቲያን መንገድ አጠገብ ያለች ቦታ ናት። ጠዋት ሲጠርባት ያየሁት ሹል ጫፏ ወደ እኔ ዞሯል። ሰው ካላየኝ ብዬ ነው እንጂ ልዘል ነበር። በላይዋ ቆምኩና አባቴን ልጠራ ዞር አልኩ።

አባቴ ግን ወደ እኔ እየመጣ አልነበረም። በጫፍ በኩል ከፈፋው አጠገብ ቆሟል። ከፊቱ ታንጉት ሕፃኗን አዝላ መሬት መሬት ታያለች። ከእግሯ ሥር ጠጠር ላይ የተጠመጠመ ቀይ ክር አለ፤ ከቀሚሷ ጥልፍ የተመዘዘ መሆኑን ቀሚሷ ራሱ ይናገራል። ሊቀመንበሩ ሊሰጣት ያሰበውን ቦታ ዕጣው ሰጣት። ትልቁ ልጇ የፈፋውን ጥልቀት ሊያይ አንገቱን ሲያሰግግ በክንዱ ይዛ መለሰችው።

አባቴ ልጁን አየ። ቀና ብሎ ደግሞ እኔን አየኝ። ምን ላይ እንደቆምኩ ያውቃል።

«ውቤ» ብሎ ተጣራ፤ ድምፁ የወትሮው ነበር። «እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? የኛ እዚህ ነው።»

ወደ እሱ መሄድ ጀመርኩ። እየሄድኩ ሳለ ጎንበስ ብሎ ለታንጉት በቀስታ ሲናገር ሰማሁት።

«ምን ገትሮሻል? ልጆቹን ብርዱ ይዟቸዋል። ሂጂ፣ ውቤ ኸቆመችበት ቁሚ።»

«አያ ካሣዬ፣ እርስዎ...»

«ሂጂ አልኩሽ።»

መንገድ ላይ ተላለፍን። «እታለም» አለችኝ። መሬት መሬት እያየች አልፋኝ ሄደች። ሰለሞንና ሊቀመንበሩ ወደ አባቴ ሲደርሱ እሱ ክሩን በሁለት እግሩ መሀል አድርጎ ቆሟል።

«ይሄ የእርስዎ ነው?» አለ ሰለሞን። ፊቱ ልውጥ ብሏል፤ አባቴን ይወደው ነበር።

«የኔ ነው።»

«እጄ ይሰበር።»

«እጅህ ምን በወጣው፤ አንተ እንግዳ ነህ» አለው አባቴ። ዞር ስል መምሬ ጥበቡ ባዶ ጋቢያቸውን እያራገፉ ወደ እኛ ያያሉ። ምንም አላሉም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ እስከ ዳገቱ ድረስ ታገሥኩ። መጨረሻ ላይ አላስችል አለኝ።

«አባዬ፣ ጠዋት የጠረቡትን ወይራ አይቻለሁ።»

«ዐይንሽ የናትሽ ነው፤ ምንም አያመልጠው።»

«ግዝት አለ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። አሜንም ብያለሁ።»

«ታዲያ ምነው?»

ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ናዳ ቢመጣ ያቺ ልጅ ስንቱን ይዛ ትወጣለች? እጇ ሁለት ነው፣ ልጆቹ ሦስት። እኔ አንቺን ጠርቼ ኸወጣሁ በቃኝ።»

«ነፍስዎስ?»

«እሱን እኔና እግዜር እንነጋገርበታለን» አለ። ቀጥሎ፣ ሲቀልድ ብቻ የማውቀው ሰውዬ፣ ቀልድ በሌለበት ፊት አየኝ። «አንቺ ግን አፍሽን ያዢ። ብትናገሪ እሷን ወደ ፈፋው መመለስሽ ነው፤ ኸሷ በቀር የሚመለስ የለም።»

ከዚያ የማፍረሱ ጊዜ መጣ። አያቴ የሠራውን የድንጋይ ቤት ጣሪያ አወረድን። ወንዶቹ ምሰሶና ማገር፣ ሴቶቹ ሣር ተሸከምን፤ አባቴ የእናቴን በር ለማንም አልሰጥም ብሎ በጀርባው አዝሎ ወረደ። ሰለሞን ከመሄዱ በፊት ሊሰናበተን መጣ። ቤታችንን በጎን ካለ ሰው ጋር በስምምነት እንዲለውጥ አባቴን ለመነው፤ ፈቃደኛ የሆነ ጎልማሳም አግኝቶ ነበር።

«ዕጣ አይለወጥም» አለ አባቴ።

ይህን ሲል ወደ እኔ አላየም። ቢለውጥ ነገሩ ይነሣል፤ ቀዩ ክር የማን ነበር ይባላል። ይህን የምናውቀው እኔና ታንጉት ብቻ ነን ብዬ አስብ ነበር። ሰለሞን «እንግዲያው ፈቃዱን ይዤ እመጣለሁ፤ ይጠብቁኝ» ብሎ ሄደ።

ሐምሌ ሲገባ ሰለሞን አልመጣም። ከቤታችን ጀርባ መሬቱ ተሰነጠቀ። አባቴ ጭቃና ገለባ እያቦካ ስንጥቁን ይደፍናል፤ «ይሄ ምድር የኔን ጉልበት ታመመ» እያለ ይቀልዳል። ዝናብ በዘነበ ቁጥር እኔን ታንጉት ቤት እንዳድር ያስገድደኛል። እሱንም ይምጡ ስለው በጎቹን ማን ይጠብቃል ይላል። እንዲህ ሆኖ እኔ በገዛ ዕጣችን ላይ በተሠራው ቤት ከታንጉት ልጆች ጋር ስተኛ፣ እሱ በእነሱ ዕጣ ላይ ብቻውን ያድር ነበር። ታንጉት ሌሊት ዝናቡ ሲበረታ ተነሥታ ትቀመጣለች። እያየኋት እንዳላየሁ እሆናለሁ፤ እሷም የተኛሁ እንዳልመሰላት አውቃለሁ።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ማታ ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፤ ማታ ቢሆን ምን እንደሚለወጥ ግን አላውቅም። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። እኔ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሰው አስተምራለሁ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ከባድ ጆንያ ከትከሻ ሲወርድ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ቀጥሎ የሴት ጩኸት ሰማሁ።

ስደርስ ከቤታችን የቀረው የፊቱ ግድግዳና የእናቴ በር ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ በበሩ የሚታየው ጭጋግ ብቻ ነው።

ያዩት ሰዎች ነገሩኝ። መሬቱ ሲንቀሳቀስ አባቴ ወጥቶ ነበር። አንዲት በግ የዚያን ዕለት ወልዳ ኖሮ ግልገሏን በጉያው ይዞ ነው የወጣው። ግልገሏን ለጎረቤት ሰጠና «እናቷን ላምጣት» ብሎ ተመለሰ። የወረደው ያን ጊዜ ነው።

እስኪመሽ ቆፈርን። ሲነጋ ደግሞ ቆፈርን። ሊቀመንበሩም፣ ያኮረፉትም፣ ልብሳቸውን አውልቀው ፈፋው ውስጥ ወርደው አፈር አወጡ። ረፋድ ላይ አገኙት። ፊቱ አልተጎዳም ነበር። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን ልጽፍ ሞክሬ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ፤ አሁንም አልችልም።

ሲገንዙት እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። አባቴ የሞተው በግዝት እንደታሰረ ነው። የራሱን ዕጣ ትቶ የሌላውን ወስዷል፤ ፍትሐት አይድረሰው ተብሎ አሜን ብሏል። ካህናቱ ሳያውቁ ቢፈቱት ይፈታል? ካወቁ ደግሞ ይፈቱታል? አፌን እንድይዝ ያዘዘኝ በሕይወት ላለች ሴት ብሎ ነው፤ ለእሱ ነፍስ የሚናገር ግን ከእኔ በቀር የለም ብዬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጥኩ።

መምሬ ጥበቡ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመዋል። ታንጉት ሦስቱንም ልጆቿን ይዛ ከእግራቸው ሥር ተንበርክካለች። ቀድማኛለች።

«አባቴ፣ የኔ ነበር» ትላለች። «ቀዩ ክር የኔ ነበር። እሱ አልለወጠም፤ እኔ ነኝ የወሰድኩበት። ግዝቱ በኔ ላይ ይሁን። እሱን ይፍቱልኝ።»

«ውሸቷን ነው» አልኩ። «እሷ አልወሰደችም፤ እሱ ነው የሰጣት። ግን ይፍቱት፣ አባቴ። በመድኃኔዓለም ይፍቱት።»

መምሬ ሁለታችንንም አዩን። ከዚያ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ይወርዳል።

«ልጆቼ፣ ዕጣውን አንድ በአንድ በእጁ የተቀበለ ማን ነው?» አሉ። «ወይራዋን ሲያኖርልኝ ገና ትኩስ ሽታ ነበራት። ይቺ ደግሞ ክሯን የሰጠችኝ ጠጠር ላይ ጠምጥማ ነው። የማን ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ መስሏችሁ ነው?»

«አውቀው ዝም አሉ?» አልኳቸው። ቄስ እንደሆኑ ረስቼ ጮህኩባቸው።

«አውቄ ዝም አልኩ። ብናገር ይቺን ኸነልጆቿ ወደ ፈፋው መስደዴ ነው። ዝም ብል እሱን መስጠቴ ነው። ኸዚህ የተሻለ አላገኘሁም፣ ልጄ። መጥቶ ይፍቱኝ ይለኛል ብዬ እስኪመሽ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። እኔን በነገሩ ላለማስገባት ነው የቀረው። እንግዲህ እኔው የዕጣውኑ ዕለት በሠርክ ጸሎት ፈታሁት። አባትሽ አንዲት ሌሊት እንኳ ታስሮ አላደረም።»

ታንጉት ግንባሯን መሬት ላይ አሳረፈች። እኔ ግን መጠየቅ አልበቃኝም።

«እሱስ መፈታቱን ያውቅ ነበር?»

መምሬ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ደወሉ መደወል ጀመረ።

«አሁን ያውቀዋል» አሉ።

ልቤን የሰበረው ይህ ነው። ያን ክረምት ሁሉ ስንጥቁን በጭቃ ሲደፍንና ሲቀልድ፣ ግልገሏን ሰጥቶ ወደ ውስጥ ሲመለስ፣ አባቴ ራሱን የተወገዘ ሰው አድርጎ ነው የኖረው። ያመነበትን ሲኦል ላልወለዳቸው ልጆች ብሎ ተቀበለ፤ ቀድሞ ተፈትቶለት እንደነበር የሚነግረው ሰው አልነበረም።

ሰለሞን የመጣው ልቅሶ ላይ ነው። መኪና በጭቃው ስለማያልፍ ከጋሸና በእግሩ ነበር የመጣው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ከሰዉ መሀል ገብቶ ተቀመጠና ማን እንደሞተ ጎረቤቱን ጠየቀ። ሲነግሩት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቤታችን ከመስመር እንድትወጣ አስፈቅዶ ነበር የመጣው። በማግስቱ ማንንም ሳያናግር ወደ ፈፋው ዳር ሄደና የቀረችውን ችካል ነቀላት። ሰለሞንን አልጠላሁትም። ከመጡብን ሁሉ ሰው አድርጎ ያናገረን እሱ ነው። አሁንም ሳስበው አዝንለታለሁ።

ደርግ ሲወድቅ ማንም ሳያዝ አዲሱ መንደር በአንድ በጋ ፈረሰ። ምሰሶውና ማገሩ የወረደበትን ዳገት መልሶ ወጣ። ሁሉም ወደ ጥንት ተረተሩ ተመለሰ፤ ቧንቧውም ክሊኒኩም እንደተወሩ ቀሩ። እኔ ትምህርቴን ቀጥዬ መምህር ሆንኩ፤ በእነዚያው ተራሮች ላይ ሳስተምር አርጅቻለሁ። ዛሬ የነዋሪ ተሳትፎ ይባላል። ለውሃ፣ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት ስብሰባ ይጠሩናል። እሄዳለሁ፤ ስብሰባ እወዳለሁ፣ ያን የመጀመሪያ ቀን ያስታውሰኛል። ሰው በየት ይሁን፣ እንዴት ይሁን ብሎ ሲከራከር ቆይቶ ሲጨርስ ከኋላ እጄን አነሣለሁ። «እሺ፣ ባንፈልገውስ?» እላለሁ። ይቺ አስቸጋሪ አሮጊት መጣች ብለው ይስቃሉ። ይሳቁ። ያን ጊዜ የበሩን አቅጣጫ፣ የምንጩን መንገድ፣ የደወሉን ድምፅ ጠይቀውናል። አባቴ ያነሣውን ጥያቄ ግን የጠየቀን አልነበረም፤ የሞተው ሌላው ሁሉ በደንብ በተጠየቀበት መንደር ውስጥ ነው። አንባቢዎቼ፣ አንድ ቀን ተሰብሰቡና ሐሳብ ስጡ ስትባሉ ይህን አስቡልኝ።

ታንጉት ባሏ ሳይመለስ ልጆቿን አሳደገች። እኔን ልጄ ትለኛለች፤ ከእሷ በዕድሜ ብዙም አላንስም። በዕጣው ቀን እዚያ ቦታ ስትደርስ የአባቴን ወይራ ከመሬት አንሥታ ደብቃት ኖሯል። አዲሱን ቤት ስትሠራ ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ውስጥ መታቻት። ሁሉም ቤቱን አፍርሶ ሲመለስ እሷም ነቅላ ይዛት ሄደች፤ ተረተሩ ላይ ባለው ቤቷ ግድግዳ ላይ እንደገና መታቻት። ዛሬም ልጠይቃት ስሄድ ስገባ ነጠላዬን የምሰቅለው በዚያች ወይራ ላይ ነው።